ሲኞራ አፏ ሲሞላ

ሙሐመድኑር ከወሎ ተነሥቶ አሥመራ የገባው በጤፍ ጭነት ላይ ተቀምጦ ነው። ከመኪናው ሲወርድ ሁለት ነገር ይዞ ነበር ይባላል፤ ክንድ የሚያህል መቀስና ተራራ የሚያህል ዝምታ። መቀስ ያለው ልብስ ሰፊ በአሥመራ ሞልቷል፤ ከጣሊያን እጅ ሙያ ተምሮ፣ ሜትሩን እንደ ኒሻን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በዋናው ጎዳና በኮምቢሽታቶ የሚንጎራደድ። ዝም የሚል ልብስ ሰፊ ግን አልነበረም። ኤርትራ አሥራ አራተኛዋ ጠቅላይ ግዛት ተብላ ከተቆጠረች ወዲህ ደግሞ ከተማዋን ከመቀስ ይልቅ የቸገራት ዝም የሚል ሰው ነበር።

ሱቁ ከኮምቢሽታቶ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ናት። በሯ ላይ «ልብስ ሰፊ» ይላል። ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን የሙሐመድኑር እንጀራ ኮት መገልበጥ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ደኅና የሱፍ ኮት ዐሥር ዓመት ሲለበስ ውጪው ይነጣል፣ ክርኑ እንደ መስታወት ያበራል፣ አንገትጌው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ውስጡ ግን፣ ገበር ሸፍኖት የኖረው ፊት፣ ገና ፀሐይ ያላየው ሙሽራ ነው። ሙሐመድኑር ኮቱን ስፌት በስፌት ይፈታዋል፤ ቁራጩን ሁሉ ይገለብጠዋል፤ የውስጡን ውጪ አድርጎ መልሶ ይገጥመዋል። የድሮውን የቁልፍ ቀዳዳ ክር በክር እየሸመነ ሲደፍነው ሸረሪት ራሷ መጥታ «ይህን ማን ሠራው?» ብላ ትጠይቃለች። ባለቤቱ ያረጀ ኮት ያስገባና አዲስ ኮት ለብሶ ይወጣል።

አንድ ነገር ብቻ አቃተው፤ የደረት ኪስ። ኮት ሲገለበጥ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናልና ኪሱም አብሮ ይዞራል። ለዚህ ሙሐመድኑር አንዲት መልስ ነበረችው፤ «በሚላኖ ዘንድሮ ኪስ በቀኝ ሆኗል።» ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም። ሌላው ነገር እንዳይከተላት አፉን በስፒል ይሞላል።

አሥመራ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቁ መዝጊያውን ያወርዳል፣ ጳውሎስም ጴጥሮስም ቢመጡ የሚከፍትላቸው የለም። በዚያች ሰዓት ነው ደንበኞች በጓሮ በር የሚገቡት፤ ኮታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ዳቦ የገዙ መስለው። እጅጌ ያለው ዳቦ የሚበላው በዚያ ቅያስ ብቻ ነበር። ሁሉም «ይህን የማደርገው እኔ አንድዬ ነኝ» ብሎ ያምናል። አንዱ እንዲያውም ኮቱን ለሦስተኛ ጊዜ ገልብጥልኝ ብሎ መጣ።

«ጌታዬ፣ ኮት እኮ ያለው ሁለት ፊት ነው» አለ ሙሐመድኑር ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ።

«ሁለት ብቻ?» አለ ሰውየው ተገርሞ። «እኔ ራሴ አራተኛዬ ላይ ነኝ!»

ከጊዜ በኋላ ቀኝ ኪስ በከተማው እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። አንድ ነጋዴ ከነሣጥኑ፣ እውነተኛ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ ኮት ከጣሊያን አስመጣ፤ ኪሱ በግራ ነበር። በማታው ሽርሽር ሰው ሁሉ «ምስኪን፣ ያረጀ ነገር ለብሷል» እያለ ከንፈር ቢመጥለት አላስቻለውም፤ በማግስቱ ቀትር በጓሮ በር መጣ። ሙሐመድኑርም አዲሱን ሱፍ ፈቶ፣ ያማረ ፊቱን ወደ ውስጥ ቀብሮ፣ ሻካራውን ወደ ውጪ አውጥቶ ሰጠው። ሰውየው የሙሐመድኑርን እጅ ሊስም ምንም አልቀረው።

እንዲህ ባለ ዝምታ ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ሲኞራ የምትኖረው።

ሲኞራ ድመት ናት። ሐቢባ፣ የሙሐመድኑር ሚስት፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ካለው ቤታቸው ጣራ ላይ አግኝታት ነው ወደ ሱቁ ያመጣቻት፤ ነጭ ሆና ትከሻዋ ላይ ጥቁር ሻል የደረበች የምትመስል፣ አረማመዷ የአንድ ባለሀብት ጣሊያን መበለት የሚመስል። አፏ ባዶ ሲሆን ከሙሐመድኑር የባሰች ዝምተኛ ናት። ጅራቷን ብትረግጡት ዞራ ታያችኋለች፤ እናንተ ናችሁ የምታፍሩት። አንድ ነገር በአፏ የያዘች ጊዜ ግን፣ ወዲያውኑ፣ እንኳን ሰው ጅኒም አይችላት። ጥርሷ እንደ ተገጠመ ከጉሮሮዋ ሥር፣ «ዉዉዉ-ዋዉዉ፣ ዉዉዉ-ዋዉዉ» ትላለች፤ የሚያለቅስ፣ የሚጠራና የሚከስ አንድ ላይ የሆነ ድምፅ። ከምፅዋ ሽቅብ የሚወጣው ባቡር ነፋሲት ላይ ሰምቶት፣ ሌላ ባቡር ይመጣብኛል ብሎ መንገድ ለቅቆ ቆሟል የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ግን በጣም ብዙ ነው።

አይጥ ብትይዝ ደግ ነበር። ሱቁ ውስጥ ግን አይጥ የለም፤ ጨርቅ ነው ያለው። ስለዚህ የምትይዘው ቁራጭ ሱፍ ነው፤ ጥቅልል ገበር ወይም የእጅጌ ጫፍ። ሱፍ መቼም የበግ ልጅ ነው፤ አፍንጫዋ ዘመዱን ሳያውቅ አልቀረም።

ነገሩ በኪዳኑ ባር መወያያ ሆነ። የኪዳኑ ባር ኮምቢሽታቶ ላይ ናት፤ ማኪያቶ አንድ፣ ወሬ ሁለት ይቀርብባታል።

«ትፎክራለች እኮ፣ ሓወይ!» አለ ኪዳኑ መጠጫ እየወለወለ። «አንበሳ የገደለ ሰው ዝም ብሎ አገሩ ይገባል? ኣይገባን! ከወንዝ ማዶ ጀምሮ ነው ‹ገዳይ› እያለ የሚመጣው።»

«ለማን ነው የምትጮኸው? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው» አለ ዓንደማርያም። ዓንደማርያም ጆሮ ጠቢ ነው። ይህን የማያውቅ በከተማው ውስጥ ራሱ ዓንደማርያም ብቻ ነበር። አንዲት ጋዜጣ፣ ያችኑ ገጽ፣ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ሲያነብ የሚውል ሰው ነው። «መልእክት ያለ ተቀባይ አይላክም። ጫካ ውስጥ የሚሰማት ሊኖር ይችላል።»

«ይኸውም እንደሚታወቀው» አለ ሦስተኛው፣ አቶ ኣስፍሃ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እንስሳዋ እያደረገች ያለችው ያከናወነችውን ተግባር ለሚመለከተው የበላይ አካል ማሳወቅ ይሆናል።»

አቶ ኣስፍሃ በጣሊያን ጊዜ ጸሐፊ፣ በእንግሊዝ ጊዜ ጸሐፊ፣ በፌዴሬሽን ጊዜ ዋና ጸሐፊ ነበር። አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል ሹም ሆኗል። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ አማርኛ ብቻ ይሁን ከተባለ ጀምሮ አማርኛው በየወሩ እየረዘመ ሄዶ፣ ቡና ሲያዝ እንኳ «አንድ ማኪያቶ ስኳሩ በሁለት ማንኪያ ተወስኖ እንዲቀርብ ይደረግ» ይላል። ማኪያቶው ሲደርስ አረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም።

ሐቢባ ይህ ሁሉ ምርምር ሲነገራት ሳቀች። «አቦ ተዉኝ! ሲኞራ አራት ግልገል ወልዳ ሦስቱን ሰው ወሰደባት፤ አራተኛውን አንተ ለኪዳኑ ሰጠህባት» አለች ባሏን። «ድመት ለሆዷ ስታድን ትንፍሽ አትልም። ለልጅ ስትይዝ ነው የምትጮኸው፤ ‹ኑ፣ አመጣሁላችሁ፣ እንዴት እንደሚያዝ ተማሩ› ማለቷ ነው። አፏ ሙሉ ስለሆነ ነው ድምፁ እንዲህ የሚከፋው። አንተስ ስፒል ጎርሰህ ስትጠራኝ ምን ይመስላል?»

«ጨርቅ ነው እኮ የያዘችው። ጨርቅ ማን ይበላል?»

«እሷ ምን ታድርግ? አንተ ቤት ከጨርቅ ሌላ ምን አለና!»

ሙሐመድኑር ነገሩን ቀለል አድርጎ አየው። ቁራጭ የትም አለ፤ ባለቤቱን የሚናገር ቁራጭ የለም ብሎ ነው። አቶ ኣስፍሃ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ።

የአቶ ኣስፍሃን ኮት የማያውቅ አልነበረም። ግራጫ ነው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ግመል አለበት። በፌዴሬሽኑ ጊዜ፣ አንድ ስብሰባ ላይ እጅ ሲያወጣ ብዕሩ ኪሱ ውስጥ ፈንድቶ ሰማያዊ ቀለም ከኪሱ አፍ ወደ ታች ወርዶ፣ ሻኛም አራት እግርም አውጥቶ ደረቀ። ሰው ሁሉ «የኣስፍሃ ግመል» ይለዋል፤ ስታዩት ማሰሪያ ብቻ ነው የጎደለው። አሁን ከአዲስ አበባ ታላቅ እንግዳ ይመጣል፤ አቀባበል ላይ ይቆማል፤ ሹመት ይጨመርለታል ይባላል። አቶ ኣስፍሃም በኪዳኑ ባር ሙሉ ሸንጎ ፊት «አሮጌውን ኮት ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ድሆች ሰጥቼዋለሁ፤ አዲሱ ከሚላኖ ታዞ ምፅዋ ወደብ ላይ ይገኛል» ብሎ አውጇል።

ምፅዋ ወደብ ላይ የተባለው ኮት አሁን ሙሐመድኑር ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ቀለሙ ወደ ውስጥ ዘልቋል ጌታዬ» አለ ሙሐመድኑር እየዳሰሰ። «ግመሉ በሁለቱም በኩል ነው። ቆርጬ አውጥቼ ከታችኛው ቅልብስ ላይ በተረፈ ሱፍ እተካዋለሁ። አይን አያየውም።»

«ይቆረጥ። ሆኖም» አለ አቶ ኣስፍሃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር አማርኛ አግኝቶ፣ «ከዚህች ክፍል አንዲት ክር ከወጣች ሱቅህ ይታሸጋል። በመጣህበት የጤፍ መኪናም ትመለሳለህ።»

ሙሐመድኑር ኮቱን አጥፎ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው። ወሎ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር መሬቱን የያዘበት ወንድሙ ነበር፤ እሱም የሚጠብቀው በዱላ ነው። ሐቢባ ማይ ጭሆት ላይ ቤት አሙቃለች፣ ጎረቤት አፍርታለች። ከዚያም ሌላ፣ ያገሬው ሰው «አማርኛ የሚናገር የመንግሥት ነው» ብሎ ይጠረጥረዋል፤ መንግሥት ደግሞ «ያገሬው ሰው የሚወደው ለምን ይሆን?» ብሎ ይጠረጥረዋል። በሁለቱ ጥርጣሬ መሀል ያቆመችው ይህች አንዲት ዝምታ ናት። እሷ ከተሰበረች ሱቅ የለም፣ አሥመራ የለም።

ኮቱ በሦስተኛው ቀን አለቀ። አምሮ ነበር! አቶ ኣስፍሃ በመስታወት ራሱን ባየ ጊዜ «እርስዎ ማን ነዎት?» ሊል ምንም አልቀረው። ነጭ መሐረብ በቀኝ ኪሱ ሰክቶ፣ አመሻሹ ላይ ወደ ኪዳኑ ባር አመራ። ሙሐመድኑርም እፎይ ብሎ፣ ስፒሉን ጎርሶ፣ ሌላ «ዳቦ» ጀመረ።

የተቆረጠውን ግመል እሳት ውስጥ ሊከተው ነበር፤ ካውያው የሚሞቅበት ከሰል ላይ። እጁን ወደ መደርደሪያው ዘረጋ። መዳፍ የምታህል ግራጫ ሱፍ፣ በመሀሏ ሰማያዊ ግመል፣ ጠርዟ ላይ የድሮው ኪስ አፍ፣ እዚያ ነበረች። አሁን የለችም።

«ዉዉዉ-ዋዉዉ!» አለ ቅያሱ።

ሙሐመድኑር ዘሎ ወጣ። ሲኞራ ግመሉን በወገቡ ነክሳ፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ ጅራቷን እንደ ባንዲራ ሰቅላ ወደ ኮምቢሽታቶ ትሄዳለች። አትሮጥም። መበለት አትሮጥም። ግን ድመት ሳትሮጥ ሰው ሮጦ የማይደርስባት ፍጥረት ናት።

«ምምምም!» አለ ሙሐመድኑር። ስፒሉን መትፋት ረስቷል፤ ቢተፋም መንገድ ላይ የሚተፋ ልብስ ሰፊ አይደለም።

«ዉዉዉ-ዋዉዉ!»

«ምምምም! ምምም!»

የምሽት ሽርሽር ሰዓት ነበር። ኮምቢሽታቶ ከዳር እስከ ዳር በሰው ሞልቷል፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ሠልጥኖ፣ ቀስ እያለ። ሁሉም መንገድ ለቀቀ። በብስክሌት የሚያልፈው ወርዶ ቆመ። ድመቲቱ ከፊት፣ ልብስ ሰፊው ከኋላ፣ ሁለቱም አፋቸው ሞልቶ፣ ሁለቱም በአንድ ዜማ እየተቀባበሉ ሲያልፉ ያየ አንድ ሽማግሌ «የማን ቀብር ነው?» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

የኪዳኑ ባር ደረሱ። ሲኞራ በእግሮች መሀል ገብታ በቀጥታ ወደ አቶ ኣስፍሃ ወንበር ሄደች፤ ከወንበሩ ሥር ልጇ ተኝቶ ነበርና። ፒኮሎ ነው ስሙ፤ ለኪዳኑ የተሰጠው። ግመሉን ፊቱ ጣለችለት። አፏ ባዶ ሆነ፤ ዝም አለች። ባሩ በሙሉ አንገቱን አሰገገ።

ፒኮሎ ዓይኑን ገለጠ። ግመሉን በአንድ ጥፍር ነካ፤ ከዚያ በሁለት ጥፍር አንሥቶ ወደ ላይ ወረወረው። ግመሉ በአየር ላይ ተገለበጠ፣ መብራት አገኘው፣ ሻኛውና አራት እግሩ ለሁሉም ታየ፣ ከአቶ ኣስፍሃ ጫማ አጠገብ ዐረፈ።

ሙሐመድኑር በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ከወዲሁ የጤፍ መኪና ይፈልጋል።

«ኣንታ፣ እዚኣ እኮ የ…» ብሎ ጀመረ ኪዳኑ። ያን ግመል ዐሥር ዓመት ማኪያቶ ሲያቀብል ያየው ሰው ነው። ግን ጣቱን ለመቀሰር ጎንበስ ሲል የገዛ ኮቱን አየ። የኪዳኑ ኪስ በቀኝ ነበር። እጁ ቀስ ብሎ ተመልሶ ኪሱ ላይ ዐረፈ። ምን ብሎ ይጨርስ? «ይህ የተገለበጠ ኮት ቁራጭ ነው» ቢል፣ «አንተ በምን ዐወቅህ?» የሚል ጥያቄ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ከጎኑ የተቀመጠውም ሰው ግመሉን አየ፤ ከዚያ ደረቱን አየ፤ እጁን ቀኝ ደረቱ ላይ አደረገ። ቀጥሎ ያለውም። ከዚያኛውም ቀጥሎ ያለው። አፍታም አልቆየ፣ ባሩ በሙሉ ቀኝ እጁን ቀኝ ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ከውጪ የሚያልፍ አንድ ወታደር አዲስ ሰላምታ የወጣ መስሎት እሱም አደረገ።

የመናገር ግዴታ ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሥራው ነውና። ዓንደማርያም ጋዜጣውን አጠፈ። ተነሣ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

ሁሉም የዓንደማርያምን ደረት አየ። ዓንደማርያም የራሱን ኮት ወደ ታች አየ። ጋዜጣውን ቀስ ብሎ መልሶ ዘረጋና በቀኝ ደረቱ በኩል አስጠጋው። «እኔማ» አለ ድምፁ ሰልሎ፣ «እኔማ አይጥ መሰለኝ።»

«አይጥ ነው!» አለ ኪዳኑ ተሽቀዳድሞ። «እወ፣ ወላዲተ አምላክን፣ አይጥ ነው!»

«ያውም ወፍራም» አለ አንዱ።

«ሰማያዊ ነገር አለበት» አለ አንድ ወጣት፣ ገና ኮት ያልገዛ።

«ሰማያዊ አይጥ አታውቅም? ማይ ተመናይ ሰፈር ሂድ፣ በሽ ነው!»

«ሻኛ አለው እኮ…»

«ያረጀ አይጥ ሻኛ ያወጣል። ትምህርት ቤት ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ሁሉም ወደ አቶ ኣስፍሃ ዞሩ። የክፍል ሹም ቃል ሳይሰጥ አይጥ አይጥ አይሆንም። አቶ ኣስፍሃ ላቡን በመሐረቡ ጠረገ፤ መሐረቡን ሲያወጣ ባዶ የቀረውን ኪስ ማንም አላየም፤ ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል። «በቀረበው ማስረጃ መሠረት» አለ፣ «አይጥ ሆኖ ተገኝቷል።»

ተጨበጨበ። በዚያ ዘመን ብዙ ነገር በጭብጨባ ያልፍ ነበር፤ ለአይጥ ሲጨበጨብ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ቀትር አቶ ኣስፍሃ በጓሮ በር ገባ። ሐቢባ ዕቃ ማሰር ጀምራ ነበር። ሙሐመድኑር ሱሪውን ሰብስቦ ተነሣ።

«ሱቅህን ላሽገው ብዬ አድሬ ነበር» አለ አቶ ኣስፍሃ እንደ ደከመው ሰው ተቀምጦ። «ግን ምን ብዬ? ድመቷ አይጥ ስለያዘች ብዬ? በሕዝብ ፊት አይጥ ነው ብዬ ፈርሜአለሁ። ስለዚህ የድመቷ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይታያል። አይጥ ያዥነቷ ስለተመሰከረ በመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ተሹማለች። ነገ ሥራ ትጀምራለች።»

«ታሰረች ማለትዎ ነው?» አለች ሐቢባ።

«ተሾመች ነው ያልኩት።»

«እኛ ወሎዎች ልዩነቱ አይገባንም» አለች፤ ቅርጫቱን ግን አቀበለችው። ሙሐመድኑርን አየችውና ነው።

የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ በወሬ ነው የደረሰው፤ ወሬውም በጓሮ በር፣ ከዳቦ ጋር። ሲኞራ በግምጃ ቤቱ አይጥ አላገኘችም፤ አይጦቹ ከፌዴሬሽኑ ጋር አብረው ለቀዋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ነገር መያዝ ጀመረች። የመዝገብ ሹሙ መሳቢያ ውስጥ የተደበቀ ሳላሚ፣ «ዉዉዉ-ዋዉዉ!» እያለች በረጅሙ ኮሪደር አሳለፈችው፤ ሰውየው ጾመኛ ነበር። የታይፒስቷን ጓንት ከዋናው ጸሐፊ መሳቢያ አወጣችው። የምትወስደው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነበር፤ የአቶ ኣስፍሃ ጠረጴዛ ሥር፣ የአቶ ኣስፍሃ እግር ሥር። ታስቀምጥና ትመለከተዋለች። እንዲበላ ትጠብቃለች።

«አየህ» አለች ሐቢባ ይህን ስትሰማ፣ «ልጇን ሲያሳጣት እሱን ልጄ አለች። ምስኪን፣ አድኖ መብላት የማይችል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጮኽ ግልገል ያየች መስሏት።»

የመጨረሻው ቀን ግን ሲኞራ ያወጣችው ከራሱ ከአቶ ኣስፍሃ ካዝና ሥር ነው። ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሩ ስንጥቅ ያህል ተገፋ፤ «ዉዉዉ-ዋዉዉ» አለ አዳራሹ። በአፏ የጠረጴዛ ባንዲራ ነበር፤ መሀረብ የምታህል፣ ያቺ የፌዴሬሽኑ ጊዜ ሰማያዊ፣ የወይራ ቅጠል ያለባት፣ ከወረደች ዓመታት ያለፏት። ለምን እንዳስቀመጣት አቶ ኣስፍሃ ብቻ ያውቃል። ቀን የሚገለበጥ ከሆነ ብሎ ይሆናል። ጫማው ላይ ጣለችለት።

ስብሰባው በሙሉ ጣራ ጣራ አየ። ከጥግ አንድ ሰው ሳል አለና «ሰማያዊ አይጥ» አለ። ሌላው «በዝቷል ዘንድሮ» አለ። አጀንዳ ቁጥር ሁለት ቀጠለ።

ቀትር ላይ ታዲያ አቶ ኣስፍሃ ራሱ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ መጣ። ፊቱ ከኮቱ ይልቅ ግራጫ ነበር። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ሲኞራ ከቅርጫቱ ወርዳ በእግሩ ታከከች፤ አፏ ባዶ ነውና ትንፍሽ አላለችም።

«እችን ነገር ዝም የሚያሰኛት ምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ። አማርኛው አጥሮ አጥሮ እንደ ሰው አማርኛ ሆኗል።

«አፏ ባዶ ሲሆን ዝም ትላለች» አለ ሙሐመድኑር።

አቶ ኣስፍሃ አሰበበት። «እኛማ ሲሞላ ነው» አለ ለራሱ።

ከዚያ ኮቱን አወለቀ። ሹመቱ ተፈጽሞለት ነበር፤ ስለዚህ ትከሻው ከፍ እንዲል ፈለገ። ዋና ክፍል ሹም እንደ ተራ ክፍል ሹም ትከሻው መውደቅ የለበትም። ሙሐመድኑር የቀኙን ትከሻ ፈታ፣ አዲስ የታጨቀ ወፍራም የትከሻ ጥጥ ከተተበት፣ ለካ፣ ሰፋው። አልብሶ አየው፤ ያምራል። ኮቱን ሳያስወልቀው የግራውን ፈትቶ አሮጌውን ጥጥ አወጣና አዲሱን አጠገቡ አኖረ። ጥጡ ድቡልቡል፣ ግራጫ፣ በሱፍ የተሸፈነ፣ ለአንዲት እናት ከአይጥ የማይለይ ነበር።

እጁን ሲሰድ ጥጡ የለም።

«ዉዉዉ-ዋዉዉ!»

«ያዛት!» አለ አቶ ኣስፍሃ፣ እና ራሱ ቀድሞ ወጣ። ኮቱ በላዩ ነው፤ ቀኝ ትከሻው እስከ ጆሮው፣ ግራ ትከሻው እስከ ክርኑ። ሙሐመድኑር ስፒሉን እንደጎረሰ ተከተለ። ከተማዋ ተኝታ ስለነበር ጩኸቱ ዕጥፍ ሆኖ ይሰማ ነበር። ቅያሱ ላይ ያሉት መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሰዎች በካናቴራ፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ አንገታቸውን አወጡ። አዩ፤ ክፍል ሹሙን፣ በቀትር፣ ከልብስ ገልባጩ ጓሮ በር ሲወጣ፣ በአንድ ትከሻ።

አቶ ኣስፍሃ ቀና አለ። መስኮቶቹ ሁሉ ቀስ ብለው፣ በትሕትና፣ መልሰው ተዘጉ።

የኪዳኑ ባር መዝጊያ ወርዶ ነበር። ሲኞራ ከሥሩ ባለው ክፍተት ሾልካ ገባች፤ ጩኸቱ ውስጥ ሄዶ ቆመ፤ ፒኮሎ ትምህርቱን እየተማረ መሆን አለበት። ሁለቱ ሰዎች ውጪ ቆመው ይተነፍሳሉ። ከመዝጊያው ሥር አንድ እጅ ብቻ ወጣ። የትከሻውን ጥጥ አስፋልቱ ላይ አስቀመጠ፣ ተመልሶ ገባ።

ሙሐመድኑር ጥጡን አንሥቶ አራገፈው። ስፒሉን ከአፉ አወጣ። ሊጠይቅ የፈለገው ስለ ሱቁ፣ ስለ ማሸጊያው፣ ስለ ጤፍ መኪናው ነበር፤ አቶ ኣስፍሃ ግን ቀደመው።

«አቶ ሙሐመድኑር» አለ ኣስፍሃ። «አቶ» ብሎት አያውቅም ነበር። የተዘጉትን መስኮቶች አየ፤ የወደቀ ትከሻውን በእጁ ደግፎ ያዘ። «ስታስገባው ከቀኙ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ።»

ተያይዘው በጓሮ በር ተመለሱ።